አልለቅ ያለው እድፍ

ፍኖተ ሰላም ላይ ላቫጆ የከፈትነው ሁለት ሴቶች ነን፤ እኔና የባሌ ታላቅ እህት። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከቤት ከወጣ ቶሎ አይመለስም። ሲመለስ ደግሞ የሚያወራው ስለ መንገዱ፣ ስለ ኬላውና ባሕር ዳር ላይ መኪና ለማሳጠብ ስለጠበቀው ወረፋ ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ይህንኑ ሲያማርር፣ "እዚህ እኛ ከተማ ለምን አይከፈትም?" አልኩት።

"ማን ይከፍተዋል?"

"እኔ።"

ሳቀና ጎረሰ። በሚቀጥለው ጉዞ ሲመለስ ከእህቱ ጋር ቦታውን ከቀበሌ ተረክበን ድንጋይ ስናነጥፍ አገኘን። ከዚያ በኋላ አልሳቀም፤ የውሃ ፓምፕ አፈላልጎ አመጣልን።

ጊዜው ሰው ሁሉ "ተደራጁ" የሚባልበት ነበር። በጥቃቅንና አነስተኛ የተሰባሰበው ብሎኬት ለማምረት፣ ዶሮ ለማርባት፣ በሬ ለማድለብ ይጠይቃል። የእኛን ጥያቄ የሰማው የቀበሌ ሰው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ "ሴት ሆናችሁ መኪና ልታጥቡ?" አለን። የባሌ እህት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ነበር። "የድስት ጥቀርሻ ስናስለቅቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ የመኪና ጭቃ ያቅታቸዋል ብለህ ነው?" አለችው። ፈረመልን።

እትዬ ነበር የምላት። መጀመሪያ እንደ ወጉ አንቱ እላት ነበር፤ ሥራ በጀመርን ሰሞን ግን ሁለታችንም ቀሚሳችንን ሸብ አድርገን እስከ ጉልበታችን በጭቃ ተለውሰን ሳለ፣ "እስቲ ቱቦውን ያቀብሉኝ" ስላት ወገቧን ይዛ ሳቀች። "እንዲህ ሆነን የምን አንቱ ነው? ተይው" አለች። እኔም ተውኩት።

ቦታችን ወደ ቡሬ መውጫ ላይ ነው። ሥራው ሳይቆይ ለመደልን። ከገበዝ ማርያም የሚወርደው መኪና ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል። ከግሽ ዓባይ ጠበልተኛ አድርሶ የሚመለሰው ሚኒባስ ደግሞ እስከ መስኮቱ ጭቃ ተለስኖ ይደርሳል። ጭቃ ግን ቀላል ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ከራሰ ይለቃል። አስቸጋሪው ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ ነበር። የድሮዎቹ መኪኖች ቸርኬ ብረት ስለሆነ በሻካራ ብሩሽ ብትፈትጉትም አይከፋውም። ያ የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ቸርኬ መምጣት ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። ሽቦ ከነካው ይቧጨራል፤ አሲድ ከነካው ይደበዝዛል። ከፍሬን ሸራው እየተፋቀ የሚወጣው ጥቁር ብናኝ ደግሞ በፍሬኑ ሙቀት ተጋግሮ ይጣበቅበታል። ሌሎች አጣቢዎች ጎማውን አጥቁረው ቸርኬውን ይተዉት ነበር። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ተቀምጬ ተማርኩት። ሙቅ ቸርኬ ላይ ውሃ እንደማይደፋ፣ በሳሙና የራሰ ጨርቅ አልብሶ ማቆየት ከመፈተግ እንደሚሻል፣ ሎሚ አሽቶ ቶሎ በውሃ ማለቅለቅ የብናኙን ዝገት እንደሚያነሣ፣ በጠባቡ ቦታ የሚገባው ደግሞ ጫፉ ታኝኮ የለሰለሰ የወይራ መፋቂያ እንደሆነ አወቅሁ። ለጥርስ የሚሆን ለቸርኬም ይሆናል።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ነጭ መኪና ገባ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ገና ሳይወርድ ፊቱ ላይ ጭንቀት ይታያል። መኪናው የአንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ መሆኑን ነገረን። የነጋዴው ልጅ በማግስቱ ያገባል፤ ሙሽራዋ የቋሪት፣ የገበዝ ማርያም ልጅ ናት። ሰርገኛው እሑድ ማለዳ ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳ፣ በእኛ ከተማ አድርጎ ወደ ቋሪት ይወጣል። ሙሽራዋ የምትመጣው በዚህ መኪና ነው።

"ገላው ታጥቧል፤ ቸርኬውን እዪልኝ" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የዚያን ሰሞን ከማንኩሳ እስከ ቡሬ አዲሱ አስፋልት እየተነጠፈ ነበር። መኪናው ትኩስ ሬንጅ ላይ ሲመላለስ ከርሞ፣ ቸርኬው ከመሀል ወደ ዳር እንደ ጣት የተዘረጉት ክንዶቹ ሳይቀሩ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። ከሬንጁ ሥር የፍሬኑ ብናኝ ተጋግሯል። አንደኛው ላይ ደግሞ ጭረት አለ።

"ይሄንን ማን ነካው?"

"ቡሬ ላይ አንድ ልጅ በብረት ስፖንጅ ሊያስለቅቅ ሞክሮ ነው" አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ጋሼ እኩለ ቀን ላይ በሚኒባስ ይመጣሉ። ቸርኬውን እንዲህ ሆኖ ካዩት እኔና ሥራዬ ተለያየን። የብር ቀለም ልግዛና ቀብታችሁ ሸፍኑልኝ።"

"እድፍ ላይ ቀለም አልቀባም" አልኩት። "ነገ የቋሪትን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ሙሽራዋ ፊት ነው የሚያዋርድህ። አጸዳልሃለሁ።"

"ይለቃል?"

"ይለቃል" አልኩት። እንዴት እንደሚለቅ ግን ያን ጊዜ ገና አላወቅሁም ነበር።

ቸርኬው እስኪበርድ ጠብቀን አጠብነው። ብናኙ በሳሙናና በሎሚ መላላት ጀመረ። ሬንጁ ግን ንቅንቅ አላለም። እትዬ ናፍጣ በጨርቅ ነክራ ሞከረች፤ ነጠብጣቡ ቀለጠና ዙሪያውን እንደ ጥላሸት ተለቀለቀ። እሷ ጨርቁን ወርውራ "ይሄስ ባሰበት" ስትል ትዝ ያለኝ ጥጃችን ነው።

ወላጆቼ ማንኩሳ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። መንገድ ሠሪዎቹ በእነሱ ማሳ አጠገብ ሲያልፉ ሬንጅ ከበርሚል ፈስሶ፣ አንዲት ጥጃችን ረግጣው ሁለት እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተለብጦ መጣች። ለጥየቃ ሄጄ ስለነበር አየሁት። አባቴ በነጭ ጋዝ ሊያጥባት ሲል እናቴ፣ "ቆዳዋን ልታቃጥላት ነው?" ብላ ከለከለችው። የኑግ ዘይት ለብ አድርጋ እየቀባች፣ ጥጃዋን እንደ ሕፃን እያባበለች፣ ትንሽ ቆይታ በጨርቅ ስትጠርገው ሬንጁ እንደ ቅቤ ተገፎ ወጣ።

"እትዬ፣ ኑግ ዘይት አምጪ" አልኳት።

"ለምሳ?"

"ለመኪናው።"

አንዳንድ ጊዜ ታሾፍብኛለች እንጂ በሥራ ላይ አትከራከረኝም። ሄዳ አመጣች። ለብ አድርገን የመጀመሪያውን ቸርኬ ቀባነው፤ ሬንጁ እስኪጠጣው ጠበቅን። ከዚያ በጨርቅ ሳብ ሳደርገው ጥቁሩ ከነጠብጣቡ ተላቅቆ ወጣ። ሥሩ ያለው ብረት እንደ ውሃ አበራ። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ አየና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ዘይቱን ተመለከተ።

ባለመኪናው ነጋዴ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛውን ቸርኬ ዘይት ቀብቼ ተንበርክኬ ሳለ ከኋላዬ ቆሙ። ጥቁር ዘይት በጎማው ላይ ይወርዳል።

"ምነው፣ መኪናዬን ወጥ ልትሠሩበት ነው?" አሉ።

ተነሣሁና እጅ ነሣሁ። "እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። ሬንጁን ሌላ ነገር አላነሣው ብሎ ነው።"

"ማን ነው እንዲህ ያለ ሥራ ያስተማረሽ?"

"እናቴ ናት" አልኳቸው። "እዚያ ጥላው ላይ ይቀመጡ። ሲያልቅ ካልወደዱት ሌላ ሰው ይጥሩ፤ እኔም ምንም አልጠይቅዎትም።"

ሰውየው ለአፍታ ትክ ብለው አዩኝና ሄደው ተቀመጡ። እትዬ ጠላ በጣሳ አቀረበችላቸው፤ ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት። ያለቀውን ቸርኬ ግን ከሩቅ ሲያዩት አየኋቸው። ሁለተኛው ሲያልቅ ጠላውን ቀመስ አደረጉ። ሦስተኛው ሲያልቅ ስለ በርበሬ አውድማ ከእትዬ ጋር ጨዋታ ጀመሩ።

አራተኛው የፊት ግራው ነው። ሬንጁም ብናኙም እንደ ሌሎቹ ለቀቀልኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥታ በአንደኛው ክንድ ላይ የምትሄድ፣ ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር። ሳሙና ሞከርኩ። ሎሚ አሸሁባት። በመፋቂያው ጫፍ ደጋግሜ ሄድኩባት። አልለቅ አለች።

እትዬ መጥታ አየቻት። "ተያት እንግዲህ፤ ይቺን ማን ያያታል?"

"እኔ አየኋት።"

"አንቺማ ምን የማታዪው ነገር አለ?" ብላ ሳቀች።

ደረቅ ጨርቅ ይዤ ቸርኬውን በሙሉ እስኪያፏጭ ድረስ ወለወልኩት። መስመሯ ደረቀችና የለቀቀች መሰለች። ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች ጠርጌ ስመለስ ቀጭን የዘይት ክር እዚያው ቦታ ላይ ወጥቷል። ጠረግሁት። ጠብቄ ሳየው እንደገና ወዛ። ያኔ ገባኝ። እድፍ ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው፤ ዘይት አይጠጣም፣ የጠጣውንም መልሶ አያወጣም። ዘይቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው።

ሾፌሩን ክሪክ አውጣ አልኩት። "ለምን?" አለ። "አውጣ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።" በክሪኩ መኪናውን አንሥቶ ጎማውን ፈታልኝ። በግንባሩ ገለበጥነውና የውስጡን ጎን ጠረግሁት። መስመሯ እዚያም አለች፤ በዚያኛው በኩል እንዲያውም ትረዝማለች።

ገበያ ላይ ገንቦ ስንገዛ ኳኳ አድርገን ድምፁን ሰምተን ነው የምንገዛው። እኔም የመፍቻውን እጀታ ይዤ አንደኛውን ደህና ቸርኬ መታ አደረግሁት፤ ጮኸ። የወለቀውን መታሁት፤ ድምፁ ታፈነ። እትዬ ከበርሜሉ አጠገብ ቀና አለች። እሷም ሰምታዋለች።

ወደ ሰውየው ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይምጡና አንድ ነገር ይዩ።"

መጡ። መስመሯን አሳየኋቸው። "ይሄ እድፍ አይደለም። ቸርኬው ተሰንጥቋል።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ደህና ሆኖ ነው ያመጣነው። አንቺ ስትፈትጊው ነዋ የተሰነጠቀው።"

"በጨርቅና በመፋቂያ ብረት አይሰነጠቅም፣ ጋሼ" አልኳቸው። ድምፄን አላነሣሁም፤ ማንሣት አላስፈለገኝም። መስመሯን እያዩ ጠረግሁላቸው። "ትንሽ ይጠብቁ።" ቆምን። የዘይቱ ክር ቀስ ብሎ ብቅ አለ። "ጣትዎን ያሳርፉበት።"

አሳረፉ። ጣታቸውን አንሥተው በብርሃን አዩት። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ "ባለፈው ሳምንት ተለዋጭ መንገዱ ላይ ከአቧራው ውስጥ ድንጋይ መታኝ" አለ። "ጎማው አልተነፈሰም፤ ምንም አልሆነም ብዬ ነው።"

ሰውየው አልተቆጡትም። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ስኮርታው ምን ዓይነት ነው?"

ሾፌሩ ትርፍ ጎማውን ከኋላ አውጥቶ አሳያቸው። ተራ ጥቁር የብረት ቸርኬ ነው።

"ሦስቱ የሚያበራ፣ አንዱ እንዲህ ያለ ሆኖ ነው ምራቴ ደጅ የምቆመው? ሰውስ ምን ይለኛል?" አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "እስከ ዛሬ ይዞናል። ነገን ብቻ ያድርሰንና ሰኞ እንለውጠዋለን። መልሺው።"

እውነቱን ለመናገር ቀላሉ ነገር መመለስ ነበር። መኪናው የእሳቸው ነው፤ ልጁም የእሳቸው ነው። ነገር ግን የቋሪትን መንገድ አውቀዋለሁ። ከባሌ ጋር ሄጄበታለሁ፤ መኪና ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል ሲዞር ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው የፊት ጎማ ላይ ነው።

"እኔ አልመልሰውም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ምን?"

"ሾፌርዎ ካሰረው ይሰረው፤ እኔ አላስረውም። አጠገቡ የሚቀመጡት ልጅዎና ምራትዎ ናቸው። ሰው ስለ ጥቁሩ ቸርኬ ቢያወራ ለአንድ ቀን ነው።"

ሾፌሩም አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ከቸርኬው ላይ ሳያነሣ፣ "እኔም አላስረውም፣ ጋሼ" አለ። ጠዋት በፍርሃት የገባው ልጅ መሆኑን ሳስብ አከበርኩት።

እትዬ በዚህ ጊዜ አጠገባችን ደርሳ ነበር። "ጥቁሩን እኛ እናሳምረዋለን" አለች በለዘበ ድምፅ። "ጥቁርም ከታጠበ ያምራል።"

ሰውየው ወደ እሷ፣ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ወለቀው ቸርኬ አዩ። "ጥቁሩን እሰር" አሉት ሾፌሩን። ሄደው ተቀመጡና ጣሳቸውን ጨረሱ።

ስኮርታው እንደዚያ ቀን ታጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ዝገቱን አነሣን፤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ወለወልን። ሰውየው ሲሄዱ አላመሰገኑም። ሂሳባቸውን ግን ከፍለው፣ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "እናትሽ በሕይወት አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። "አሉ" አልኳቸው። "ዕድሜ ይስጣቸው" ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሰርገኛው ጥሩምባውን እየነፋ በደጃችን ሲያልፍ እጃችንን በቀሚሳችን እየጠረግን ወጥተን አየን። ነጩ መኪና ከፊት ነው። እኛ የምናየው በቀኙ በኩል ስለነበር ሁለት የሚያበሩ ቸርኬዎች ብቻ ናቸው የታዩን። ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋን ይዞ ሲመለስ የግራው ጎን ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ያ ጥቁር ቸርኬ ከሩቅ ይለያል። እትዬ በክንዷ ጎሰም አድርጋኝ፣ "አላልኩሽም? ያምራል" አለች።

የሙሽራዋ ቤት የሆነውን የነገረን ሾፌሩ ነው። መኪናው ደጅ ላይ እንደቆመ አንድ የቤቱ ሽማግሌ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ሰው እየሰማ፣ "ምነው አንዱ ቸርኬ ጠቆረ?" ብለው ጠየቁ። ነገሩ ነቀፋ እንዳለው ሁሉም ገባው። የእኛ ሰውዬ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው፣ "ሦስቱ ለማየት ነው፤ አንዱ ለዓይን ነው" አሉ። መጀመሪያ የሳቁት ጠያቂው ሽማግሌ ናቸው። ከቡዳ ዓይን ለመጠበቅ የሚቀባውን የጥላሸት ምልክት የማያውቅ የለምና ነገሩ ቀስ እያለ በዳሱ ተዳረሰ፤ ሰርገኛው እስኪነሣ ድረስ ሲያወሩት ቆዩ።

በሳምንቱ አጋማሽ ሰውየው ራሳቸው መጡ። ሾፌሩ በማዳበሪያ ከረጢት አንድ ነገር ተሸክሞ ተከትሏቸዋል። ከረጢቱን ድንጋዩ ላይ አራገፈው፤ ቸርኬው ነው፤ አንደኛው ክንድ ተነጥሎ ለብቻው ወደቀ። ጎሚስታው ጎማውን ሊያወልቅ በብረት ፌሮ ፈልቀቅ ሲያደርገው እጁ ላይ እንደተገነጠለ ነገሩን። ሰውየው ጎንበስ ብለው ቁራጩን አነሡና አገላበጡት።

"ቁልቁለቱ ላይ ሆኖ ቢሆን" አሉና ንግግራቸውን አልጨረሱም። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

እትዬ ቁራጩን ተቀበለቻቸው። "ሙሽሮቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አሉ። "ሊጠይቋችሁ ይመጣሉ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እኔ ያን ቀን አንቺ ባትመልሺውም ሌላ ቦታ ወስጄ ላሳስረው ነበር። ይሄ ልጅም እንቢ ማለቱ ነው ያቆመኝ" አሉኝ። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ፤ ፈገግ ማለቱን ግን አየሁ። እስከ ብዙ ዓመት ድረስ እሳቸው ዘንድ ሠራ።

ከዚያ ወዲያ የቡሬ በርበሬ ነጋዴዎች መኪኖች ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድም፣ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣም ቸርኬውን ለማስጸዳት ይቆም ነበር። ሥራው ሲበዛ ከማንኩሳና ከከተማው ሴቶች ቀጠርን። ሁሉንም የማስተምራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ቸርኬው ይብረድ፣ ዘይቱ ጊዜ ይሰጠው፣ ጨርቁ ንጹሕ ይሁን። ካጸዱ በኋላ ደግሞ ደረቅ አድርገው ጠርገው፣ ለባለመኪናው ከማስረከባቸው በፊት ቁጭ ብለው ትንሽ እንዲያዩት አደርጋለሁ። አንዳንዷ "ምንድነው የምናየው?" ትለኛለች። "እዪው ብቻ" እላታለሁ። እትዬ ካለች ግን ጠላዋን ይዛ ትቀመጥና የዚያን ቅዳሜ ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ታወራላታለች፤ በእሷ አነጋገር ኑግ ዘይቱን ያሰበችው እሷ ናት። እኔም አላርማትም።